የመኪና ማዕረግና የእንጦጦ ዳገት

ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላ በኩል ወደ ሲኤምሲ የሚወስደውን ጎዳና ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ፣ የወንበራቸው ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ፣ የወደቡን አቧራ ገና ያላራገፉ አውቶሞቢሎች ፊታቸውን ወደ አላፊ አግዳሚው አዙረው ተሰልፈው ያያል። ከእነዚህ የመኪና መሸጫዎች በአንዱ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጡረታ የወጡ መምህር የሚመስሉ አዛውንትና ልጃቸው፣ በቀለምም በስምም በመልክም አንድ በሆኑ ሁለት ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ቆመው ሲመካከሩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ሲጋል ናቸው» አላቸው ሻጩ ወጣት። «ይሄኛው ስታንዳርዱ ነው፤ ያኛው ፉል ኦፕሽን ነው። ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይለያያል።»

«ፉል ስትለው ምን ምን አለው?» ብላ ልጅቱ ጠየቀችው።

«ሁሉ ነገር አለው፣ እህቴ። የሹፌሩ ወንበር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ስልክ ያለ ገመድ ይሞላል፣ ቸርኬውም የተለየ ነው።»

«ኤርባጉስ ስንት ነው?»

ወጣቱ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ስላልነበረው፣ ስልኩን አውጥቶ በቻይንኛ ፊደል የተጻፈ ሠንጠረዥ ያገላብጥ ጀመር። አዛውንቱ ግን ሌላ አሳብ ይዟቸው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ቤታችን ጉራራ ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ። አራት ሰው ጭኖ ይወጣዋል ወይ? ሲወርድስ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

አባትና ልጅ የጠየቁት ነገር፣ በከተማችን መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ውል የሚፈርምበት ነገር ነው። ፋብሪካ አንድን መኪና በአንድ ስም አውጥቶ ሲሸጥ፣ ከአንዱ ስም በታች እንደ ቤተ ክህነት ማዕረግ ከንኡስ እስከ ዐቢይ የተሰለፉ ደረጃዎች አሉ፤ አካሉ አንድ ይሁን እንጂ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ የሕይወት መጠበቂያው ሳይቀር ከደረጃ ወደ ደረጃ ሊለዋወጥ ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ገዥው ከነዚህ ደረጃዎች አንዱን መርጦ፣ ከዚያም በላይ በፈቃዱ የሚጨምራቸውን ነገሮች በዝርዝር አዝዞ፣ ወራት ጠብቆ ይረከባል። በእኛ ዘንድ ግን ምርጫው የሚፈጸመው በሩቅ አገር፣ አስመጪው ከላኪው ጋር በሚዋዋልበት ጠረጴዛ ላይ ስለ ሆነ፣ ገዥው የሚያገኘው ሌላ ሰው የመረጠለትን መኪና ነው። «ፉል ኦፕሽን» የሚለውም የገበያ ቃል የትኛውንም የፋብሪካ ማዕረግ ለይቶ ስለማይጠራ፣ አንዱ ሻጭ ለላይኛው ደረጃ ሲናገረው ሌላው ለመካከለኛው ይናገረዋል፤ ሁለቱንም በሐሰተኛነት የሚከስሳቸው ጽሑፍ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ስማቸው ከማይረሳ መኪናዎች አንዷ፣ ሕዝቡ «ዲኤክስ» ብሎ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ይህ መጠሪያ በፋብሪካው መዝገብ የመኪናዋ ስም ሳይሆን፣ ከመነሻው ደረጃ ከፍ ብሎ ከላይኞቹ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአንዱ ደረጃ ምልክት ነበር። የ1,290 ሲሲ ሞተር የተሸከመችው፣ በኋላ እግሯ የምትነዳው ይህቺ ኮሮላ፣ አገራችን ውስጥ ከሌሎቹ ደረጃዎች ይልቅ በዚያ በአንዱ ማዕረግ በብዛት ስለ ገባች፣ ማዕረጉ ስሟን ዋጠው። ከእርሷ ቀደም ብሎ የከተማውን መንገድ የሞላው ቮልስዋገን ደግሞ ከዚህ የከበደ ታሪክ አለው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1949 ለውጭ ገበያ ያሰበውን የተሻለ ደረጃ ካወጣ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት ለዚያ ደረጃ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ሰጠው፤ ስታንዳርድ የተባለው የርካሹ ደረጃ ገዥ ግን እስከ 1962 ድረስ በገመድ በሚሳብ ፍሬን እንዲነዳ ተተወ። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ መልክ የሚሄዱ ሁለት መኪናዎች፣ የአንዱ ሹፌር ፔዳሉን ሲረግጥ አራቱም ጎማ እኩል ሲያዝለት፣ የሌላው ገመዱ በመለጠጡ ወደ ጎን ይጎተት ነበር ማለት ነው። የደረጃ ልዩነት በቀለምና በጨርቅ ተወስኖ ቢቀር ማንም ባልተጎዳ፤ ወደ ፍሬን ሲሻገር ግን ከንግድ ጉዳይነት አልፎ የሰው ነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ፋብሪካዎች ይህን ሥርዓት የዘረጉበት ምክንያት ከንፉግነት ብቻ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጄኔራል ሞተርስን ይመራ የነበረው አልፍሬድ ስሎን፣ ለእያንዳንዱ ኪስና ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚስማማ መኪና የማቅረብን መርሕ ሲያቆም፣ ከሸቭሮሌ እስከ ካዲላክ የሚወጣ መሰላል ዘርግቶ ገዥው ሀብቱ እያደገ በሄደ ቁጥር አንድ እርከን እንዲወጣ አደረገ፤ በኋላም ይኸው መሰላል ወደ እያንዳንዱ መኪና ውስጥ ገባ። ጃፓኖች ደግሞ መኪናቸውን በመርከብ ወደ ሩቅ ገበያ የሚልኩ በመሆናቸው፣ ገዥ በተናጠል የሚያዝዘውን እልፍ አእላፍ ቅልቅል መሥራት ስላልተመቻቸው፣ ተጨማሪዎቹን በጥቂት ደረጃዎች አስረው ማቅረብን ለመዱ። የዛሬው ገዥ የፈለገውን አንድ ነገር ለማግኘት የማይፈልጋቸውን አምስት ነገሮች አብሮ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ እየረቀቀ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ቢኤምደብሊው በመኪናው ውስጥ አስቀድሞ የተገጠመውን የወንበር ማሞቂያ በአንዳንድ አገሮች በወር ክፍያ ብቻ የሚከፈት አድርጎት ነበር፤ ገዥዎች አጥብቀው ስለ ተቃወሙ በማግሥቱ ዓመት ተወው።

በአገራችን ግን ከፋብሪካውም ከነጋዴውም በላይ ደረጃ የሚመርጥ ሌላ እጅ አለ፤ እርሱም ግብር ነው። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 የኤክሳይዝ ታክስ በሞተር መጠን ሲደለደል፣ እስከ 1,300 ሲሲ ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ያለው 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ ያለው 100 በመቶ እንዲከፍል ተደነገገ። ይህ መሥመር የከተማችንን መንገድ መልክ ሰጥቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቪትዝ የምትባለው ትንሽ ቶዮታ በትውልድ አገሯ በጃፓን በ1,000፣ በ1,300 እና በ1,500 ሲሲ ሞተር፣ ከተራው ደረጃ ጀምሮ አርኤስ እስከተባለው ፈጣን ደረጃ ድረስ ስትሸጥ፣ ወደ እኛ በብዛት የጎረፈችው ግን በመሥመሩ ውስጥ የምትገባዋ ባለ ትንሽ ሞተሯ ሆነች። ሁለተኛውን ትውልድ ቪትዝ የያዘ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የብረት ሠሌዳውን ቢያነብብ፣ የሞዴሉ ኮድ በኬኤስፒ90 ከጀመረ የ1,000 ሲሲ ባለቤት መሆኑን፣ በኤስሲፒ90 ከጀመረ የ1,300 ሲሲ ባለቤት መሆኑን ያውቃል፤ ከኮዱ በኋላ የሚከተሉት ፊደሎችም ደረጃዋን ይናገራሉ። የብረት ሠሌዳው እንደ ሻጩ አንደበት አይለዋወጥም።

ከጃፓን ገበያ የመጣ መኪና ሌላም ጠባይ አለው። በጃፓን መሪ በቀኝ ስለ ሆነ፣ ለእኛ መንገድ እንዲስማማ መሪው ወደ ግራ የተዛወረለት መኪና፣ ዳሽቦርዱ ተፈትቶ፣ ገመዶቹ ተቆርጠው ተቀጥለው የመጣ ነውና፣ ያ ቦታ ኤርባጉ የሚኖርበት ቦታ መሆኑን ገዥው ማሰብ አለበት። የሬዲዮው ሞገድ እንኳ ለጃፓን የተወሰነ በመሆኑ፣ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ብቻ ስለሚይዝ፣ ኤፍኤም አዲስ 97.1ንም ሸገር 102.1ንም ለመስማት ሌላ መሣሪያ ያስገጥሙ የነበሩ ባለ ቪትዞች ብዙ ናቸው። መኪናው በተወለደበት አገር ፍጹም የነበረ፣ በእኛ ዘንድ ሕጸጽ ይዞ ተገኘ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ እስከ 1,300 ሲሲ ባለው አዲስ መኪና ላይ የነበረውን ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ በአሮጌው ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ እስከ 500 በመቶ ስለ ጫነ፣ የቪትዝ ዘመን እየጨለመ፣ አዲስ የሚገቡ የህንድ ሱዙኪዎች ዘመን በራ።

እዚህ ላይ ወደ ጉራራ ዳገት እንመለስ፤ የየካን ክፍለ ከተማ የሚያቅፈው ተራራ ለመኪና ደረጃ ሌላ ፈራጅ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሜዳ ካወረዱ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በዎልስሊ መኪና፣ ጀርመናዊው ሆልትስ በናኬ መኪና፣ ከጠረፍ ተነሥተው እየተቀዳደሙ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ የእነዚያ ሞተሮች ጉልበት በደጋው አየር መድከሙ አልቀረም። ምክንያቱም ቤንዚን የሚነደው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ እሳቱ ይሳሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተሠራች፣ በባሕር ጠረፍ የተመዘገበ የሞተር ጉልበት እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኘው እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ጉድለቱ ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ፣ አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ በላይ ስትወጣ በእጇ የሚቀራት 50 ገደማ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው አየርን በኃይል ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ አገር ገዥ ተርቦ የቅንጦት ተጨማሪ ሊሆንለት ይችላል፣ ለደጋ አገር ገዥ ግን የሞተሩ ሌላ ሳንባ ነው። ግብሩ የሞተሩን መጠን በሲሲ ሲለካ፣ አየሩ ምን ያህል እንደሚቀንስበት አላሰበም፤ በዚህም ምክንያት ደጋው ላይ የሚኖረው ሕዝብ፣ ከሌላው ይልቅ ጉልበት የሚያሻው ሆኖ ሳለ፣ ከትንሹ ሞተር ጋር እንዲኖር ተፈረደበት።

ከዚህ ፍርድ ነጻ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ሞተሩ አየር አይተነፍስምና። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲያደርግ፣ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ የሚገባው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ፈጽሞ ተበታትኖ የሚገባው ምንም እንዳይከፍል ወሰነ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ መሸጫዎቹን የሞሉት በአብዛኛው ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ናቸው፤ የደረጃ ጉዳይም በሲሲ መቆጠሩ ቀርቶ በኪሎዋት ሰዓት መቆጠር ጀመረ።

አባትና ልጅ የቆሙበት ሲጋል ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ በሁለት ባትሪ ቀረበ፤ አንዱ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ይዞ በቻይና መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 38.88 ይዞ 405 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ተጻፈለት። የቻይናው መለኪያ በለዘብተኛ ፍጥነት የሚወሰድ በመሆኑ፣ ገዥው ከዚህ ቁጥር ላይ መቀነስ ይኖርበታል። ለአዛውንቱ ጥያቄ ግን ሒሳብ ራሱ መልስ ይሰጣል። ከነሰዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና፣ ከመገናኛ ግድም ተነሥቶ 600 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሲወጣ፣ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህም ከትንሹ ባትሪ ከ12 አንዱ እጅ፣ ከትልቁ ከ16 አንዱ እጅ ያህል ነው። ዳገቱን ሁለቱም ይወጡታል።

ስለ ቁልቁለቱ የሚነገረው ግን ከዳገቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ የወጪውን ከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በዚያው መጠንም መኪናውን ይይዘዋል፤ የፍሬን ሸራም ከመጋል ይድናል። ነገር ግን ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ስፍራ ስለማይኖረው፣ ይህ መያዝ ይደክማል። በተራራ ግርጌ ለሚኖር ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ ቤቱ በጉራራ ወይም በእንጦጦ ወገብ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ጧት ቁልቁል የሚጀምር ሰው ግን፣ እስከ 80 ወይም 90 በመቶ ብቻ ሞልቶ መነሣት እንዳለበት ሻጩ ሊነግረው ይገባል። ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አልሰማሁም።

ተለቅ ባሉትም መኪናዎች ነገሩ አንድ ነው። ቮልስዋገን አይዲ 4 በቻይና በሁለት የሽርክና ፋብሪካዎች፣ በአንዱ ክሮዝ በሌላው ኤክስ ተብሎ ይሠራል፤ ከታች ፒዩር የተባለው 57 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ባትሪ፣ ፒዩር ፕላስ የተባለው 84 ገደማ ሲይዙ፣ ፕራይም የተባለው ሁለት ሞተር ኖሮት በአራቱም እግሩ ይነዳል። እነዚህን ስሞች የከተማው ደላላ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። ከስሞቹ በስተኋላ ያለው ዝርዝር ግን በቻይንኛ ተጽፎ ይቀራል፤ በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቋንቋ፣ በስልክ የሚታዘዘው መተግበሪያ፣ የባትሪ መሙያው መሰኪያ ሁሉ ለዚያ አገር የተወሰነ በመሆኑ፣ ገዥው የከፈለባቸው ብዙ ተጨማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ይተኛሉ። በሌላ አገር መኪና አቁም ብሎ የሚያዝዝ ድምፅ፣ እዚህ ሹፌሩ በማያውቀው ልሳን ቢጮህ፣ ማስጠንቀቂያነቱ ምኑ ላይ ነው?

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕይወትን የሚጠብቀው ክፍል ነው። ሱዙኪ ኤስፕሬሶ በህንድ ገበያ ይሸጥ የነበረው፣ ለሹፌሩ ብቻ አንድ ኤርባግ ያለው ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ግሎባል ኤንካፕ በተባለው ድርጅት በግጭት ሲፈተን ለአዋቂ ተሳፋሪዎች ጥበቃ ምንም ኮከብ አላገኘም፤ በኋላ ለደቡብ አፍሪካ ገበያ ሁለት ኤርባግ ተደርጎለት የተሠራው፣ በዚያው ስም የሚጠራው መኪና፣ ሦስት ኮከብ አገኘ። ስሙን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። መኪና በሚንሸራተትበት ጊዜ የእያንዳንዱን ጎማ ፍሬን ለይቶ እየያዘ ወደ መሥመሩ የሚመልሰው ሥርዓት፣ በአውሮፓ ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማንኛውም አዲስ መኪና ላይ በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ በዚያ ከአማራጭ ዝርዝር ወጥቶአል። በሐምሌ ዝናብ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ አስፋልቱን ባለበሰበት በእንጦጦ ጥምዝ ላይ፣ ለሰው ልጅ ከቆዳ ወንበርና ከሰማይ መስኮት ይልቅ ይህ አንድ ነገር ይበልጥበታል።

የሚያሳዝነው የገበያው ሚዛን በተቃራኒው ማዘንበሉ ነው። ታላቅ ስክሪን፣ የቆዳ ልባስ፣ የሚያበራ ቸርኬ፣ የኋላ ካሜራ ሳይቀር ከሱማሌ ተራ ተገዝቶ በአንድ ቀን ሊገጠም ይችላል፤ በዚህ መንገድ ዝቅተኛውን ደረጃ በላይኛው ልብስ አልብሶ የሚሸጥ ሞልቶአል። ኤርባግ፣ የመንሸራተት መከላከያ፣ የባትሪ መጠን ግን በፋብሪካ ካልተወለዱ በኋላ የሚገኙ አይደሉም። እንግዲህ ገዥው ተጨማሪ ገንዘቡን ማውጣት የሚገባው በኋላ ሊገዛው በማይችለው ነገር ላይ ነው። እንደ እኔ ሕሊና ፍርድ፣ ፋብሪካ ጌጥን በማዕረግ ከፋፍሎ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ነፍስን በማዕረግ ከፋፍሎ መሸጥ ግን ለማንም ሊፈቀድለት አይገባም፤ ይህንንም መከልከል የሚችለው የአስመጪው በጎ ፈቃድ ሳይሆን የመንግሥት ደንብ ነው።

መኪና ሁሉ በጉምሩክ በኩል በሚያልፍባት አገር ይህ ደንብ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ከሻሲና ከሞተር ቁጥር ጎን የፋብሪካው ደረጃ ስም፣ የባትሪው መጠን፣ የኤርባጉ ቁጥርና የመንሸራተት መከላከያው መኖር አለመኖሩ በአማርኛ ተጽፎ በሊብሬው ላይ እንዲሰፍር ቢያዝዝ፣ ሁለትና ሦስት ባለቤት ካለፈ በኋላ የሚገዛውም ሰው ምን እንደገዛ ያውቃል። ከዚህም አልፎ፣ ሁለት የፊት ኤርባግና የመንሸራተት መከላከያ የሌለው አዲስ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰን ይቻላል፤ ነዳጅ የሚጠጣን መኪና በአንድ ውሳኔ ያስቆመ መንግሥት ይህን ለማድረግ አቅም አያንሰውም።

እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የሻሲውን ቁጥር ገልብጠህ ያዝ፤ በዚያ ቁጥር የተሠራው መኪና ከፋብሪካው ምን ምን ይዞ እንደ ወጣ ዝርዝሩን ሻጩ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ ዝርዝሩም የውሉ አንድ ክፍል ሆኖ በሁለታችሁ ፊርማ ይጽና። ሻጩ ይህን እንቢ ካለ ገንዘብህን ይዘህ ወደ ሌላው ሂድ።